ስለ ይቅርታና ስለ በቀል

የተበደለ ሰው ብድሩን ለመመለስ ሲነሣ ልቡ ትክክል ይመስለዋል። ዳሩ ግን ደም በደም ሲመለስ ሌላ ደም ይጠራል እንጂ ሒሳቡ አይዘጋም። በዚህ ነገር በአገራችን ከተነገሩት ቃላት ታላቁ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ያሰሙት ንግግር ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያነሣው ግማሹን ብቻ ነውና ልመርምረው።

ዕለቱ ጠላት ከተማይቱን ከያዘ ልክ 5 ዓመት የሞላበት ነበር። በከተማው ብዙ ኢጣልያኖች ነበሩ፤ አርበኛውም መሣሪያውን አላስቀመጠም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚዘለለው ከትእዛዙ በፊት ያለው ነው። አስቀድመው ጠላት የፈጃቸውን ወጣቶችና ሴቶች፣ ካህናትና መነኮሳት አነሡ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በ3 ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺህ ሰው ማለቁን ቀኑን ጠርተው ተናገሩ። እጅን ከበቀል መሰብሰብ የመጣው በደሉ በስሙ ከተጠራ በኋላ ነው።

የንግግሩ ትምህርት በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ዮሴፍም ወንድሞቹን ከመሳሙ በፊት የሸጡት እርሱ መሆኑን ነገራቸው። በአገራችንም ወግ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን ያምናል፤ ካሣው ይቆረጣል፤ ዕርቅ ከዚያ በኋላ ነው።

ነቀፋ ካለብን ከንግግሩ በኋላ ስለሆነው ነው። ኢትዮጵያ ብትከስም ግራዚያኒ እዚህ ስለ ፈጸመው ግፍ ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። በ1942 ዓ.ም. የኢጣልያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ሲፈርድበትም ከናዚዎች ጋር ስለ ተባበረ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተለቀቀ። ይቅርታ የተበዳዩን እጅ ያስራል እንጂ የዳኛን እጅ አያስርም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ለግፈኛ ይጠቅማል።

ንግግሩን በቆሼ ሰፈር ቆሜ ስመዝነው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይገጥመኛል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ እዚያ ሲደፋ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የዚያ አገር ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ ግን ወደ ቆሼ ተመለሰ።

እዚህ ጠመንጃ ይዞ የገደለ የለም። ስለዚህ የሐዘንተኛው ፈተና በቀል ብቻ አይደለም፤ የአምላክ ፈቃድ ነው፣ ተዉት መባልም ፈተና ነው። እንዲህ ያለው ምክር ይቅርታ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ከክምሩ ሥር እንዲኖር ማን ዝም አለ የሚለውን ሳይጠይቅ ያልፋል። ጥፋቱ ያልተነገረን ሰው ይቅር ለማለት አይቻልም፤ ዝም ማለት ብቻ ይቻላል፤ ዝምታ ደግሞ ሌላውን ክምር ከመናድ አያግደውም።

አንባቢ ሆይ፣ በቀልን ምረጥ አልልህም። ቤቱን ለሚያቃጥል ቁጣ በርህን ዝጋ። ነገር ግን እንደዚያ የሚያዝያ ንግግር አስቀድመህ ሙታኑን ቁጠር፣ ምክንያቱን ጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ እጅህን ሰብስብ። ይቅር ባይ በቀሉን ይጣል እንጂ ሙታኑን አይጣል።