የአወቀ ሒሳብ፦ ስለ «አዲስ ዓለም» እና ስለ ኑሮ ሚዛን

ባለፈው መንፈቀ ዓመት የአማርኛ ልብ ወለድን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ አወቀ አውሮፓ ድረስ ሄዶ ተምሮ መጨረሻው ተጉለት ከሆነ ምን ተጠቀመ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር መልሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሬው ወጣሁ። ነገር ግን ጥያቄው አብሮኝ ቤቴ ገባ። ተማሪው ስለ አወቀ የጠየቀ ይምሰል እንጂ የጠየቀው ስለ ራሱ እንደነበረ የገባኝ ማታ ነው። ወላጆቹ ያላቸውን አሟጥጠው የላኩት ልጅ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የደረሰው ደግሞ መርጦት ሳይሆን ተመድቦ ነው። ስለዚህ ሳይመረቅ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን መቁጠር ጀምሯል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳምንት መልሴ ተስፋፍቶ የቀረበበት ነው።

እንደሚታወቀው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ ተወለዱ። በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተምረው ከጸሐፊነት ተነሡና የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» ሰውን ከገዛ ልቡ ጋር አነጋገሩት። «አዲስ ዓለም» ደግሞ በ1925 ዓ.ም. ታተመ። የኋለኛው ትልም ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ አወቀ የተባለ የተጉለት ወጣት የትምህርት ፍቅር አድሮበት ባሕር ተሻግሮ ይማራል፤ ተመልሶም በአገሩ የተዝካሩን ድግስ፣ የጋብቻውን ሥርዓት፣ የካህናቱን አኗኗር እየነቀፈ ከዘመድ አዝማዱ ጋር ይጋጫል። የመጽሐፉ ክብደት ያረፈው ሰውየው ተምሮ በማግኘቱ ላይ ሳይሆን ተምሮ በመመለሱ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት የድርሰቱ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ደራሲው ራሳቸው በሥልጣን ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ የተማረ ሰው ዋጋ የሚለካው በወንበሩ ከፍታ አይደለም የሚል ልብ ወለድ ጻፉ። የዛሬ አንባቢ ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው አይገባም።

በትምህርት ክፍላችን «አዲስ ዓለም» ሲነሣ የሚሰጠው ትንተና ለዓመታት አንድ ዓይነት ነው፤ ጭብጡ የአሮጌና የአዲስ ግጭት ነው ይባላል። እኔም ስማር ይህንኑ ጽፌ አልፌያለሁ፤ ሳስተምርም ይህንኑ አጽፌያለሁ። ትንተናው ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ ተማሪዬ የጠየቀውን አይመልስም። ተማሪው ማወቅ የፈለገው አዲሱ አሮጌውን ማሸነፉን ሳይሆን አንድ ሰው ዕድሜውን በምን ላይ አውሎ «አልከሰርሁም» ማለት እንደሚችል ነው። በዚህ ዓይን ስናነበው አወቀ ሌላ ሰው ሆኖ ይታየናል፤ ሒሳብ ዐዋቂ ሰው። የተዝካሩን ድግስ ሲነቅፍ ዐይኑ የሚያርፈው በወጪው፣ በስካሩና በብክነቱ ላይ ነው። ለገንዘብ ሲል አልኖረም፤ የሌላውን ሰው ኑሮ የሚመዝነው ግን በወጪ መዝገብ ነው። ይህ ተቃርኖ በደራሲው ታስቦበት የገባ አይመስለኝም። ታስቦበት ቢሆን ኖሮ ተራኪው አንድ ቦታ እንኳ አወቀን በትዝብት ያየው ነበር። ተራኪው ከገጸ ባሕርዩ አጠገብ አይርቅም፤ አወቀ በተናገረ ቁጥር የተራኪውንም ድምፅ አብረን እንሰማለን።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ላስገባ። ነገሩ ከግል ታሪክ ይልቅ ከንባብ ታሪክ ጋር የተያያዘ በመሆኑ አንባቢ ይታገሠኝ። የተወለድሁት መንዝ፣ ከሞፈር ውሃ ወዲያ ነው፤ የአወቀ ተጉለት ለእኛ ወንዝ ማዶ ነው። አባቴ ያረፈው የማስትሬት ዲግሪዬን በያዝሁ በሦስተኛው ዓመት ነበር። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ካለ አንድ ድርጅት የደመወዜን እጥፍ የሚከፍል ሥራ መጥቶልኝ እያመነታሁ ቆይቼ ሳልቀበለው ቀረሁ። የሀገር ቤት ዘመዶቼ ይህን ሰምተው አዝነውብኝ ነበር፤ አብሮኝ የተማረ የጎረቤት ልጅ በዚያ ጊዜ ቤት ሠርቷል። ታዲያ የአርባ ቀኑ ተዝካር ሲታሰብ፣ «እኔ ለድግስ አልከፍልም፤ ብሩ ለታናናሾቼ ትምህርት ይዋል» ብዬ ተነሣሁ። አወቀን አንብቤ አይደለም እንዴ! በወረቀት ሒሳቡን ሠራሁ፦ ገብሱን፣ ጌሾውን፣ በጎቹን፣ በርበሬውን። ወረቀቱን ለአጎቴ አነበብሁላቸው። አጎቴ ፊደል አይቆጥሩም፤ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይኸ ወረቀትህ የሚወጣውን ጽፏል፤ የገባውን ግን አልጻፈም» አሉኝ።

ቀጥለውም የገባውን ዘረዘሩልኝ። አባቴ በማን በማን ተዝካር ላይ እንደበላ፤ በክፉው ዘመን ማን አንድ ቁና ገብስ እንዳበደረንና ሳይጠይቅ እንደሞተ፤ እኔ ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስወርድ ማን በሶ፣ ማን ድርቆሽ እንደሰነቀልኝ። አንዳንዱን እኔም ዐውቀው ነበር፤ ብዙውን ግን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። የእኔ ትምህርት የአባቴ ላብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ጎረቤት በየስንቄ ውስጥ ነበረ። ተዝካሩ ወጣ፤ ልኩን ያለፈ ግን አልነበረም፤ አጎቴም ከወረቀቴ ላይ ሁለት በግ እንድሰርዝ ፈቅደውልኛል።

ይህን የምለው ተዝካርን ለማወደስ አይደለም። ተዝካር ለማውጣት ሲል የእርሻ በሬውን የሸጠ፣ በአራጣ ተበድሮ ልጆቹን ለዕዳ ያወረሰ ሰው በአካባቢያችን ነበረ፤ ኅሩይ የነቀፉት ነገር በእውን የነበረ ነው። ይሁን እንጂ ነቀፌታው ግማሹን ብቻ ያየ ነው። ተዝካር የሚያበላው ዘመድን ብቻ አይደለም። የኔ ቢጤውና የቆሎ ተማሪውም በዚያው ድግስ ይጠግባሉ። ማስታወሻ በሌለበት አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ለዘመናት የቆየው በከፊል በዚህ ድግስ ፍርፋሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ ተዝካሩ የሟች መታሰቢያ ብቻ ሳይሆን የተማሪም ቀለብ ነበረ። ደራሲው ራሳቸው ከዚያው የቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ሰው ሆነው ሳለ ይህ ገጽታ በድርሰቱ ውስጥ ክብደት አለማግኘቱ የሚያስገርም ነው። አወቀ ወደ መንገድ ሲነሣ ስንቁን ማን ሰነቀለት? ልብ ወለዱ በዚህ ጥያቄ ላይ አይቆምም። አወቀ ለተጉለት የሚሰጠው ብዙ ነገር አለው፤ ከተጉለት የተቀበለው ግን የሚታረም ስሕተት ብቻ ነው። ስለዚህም የመመለሱ ትርጉም ሙሉ አይሆንልኝም። ሰው ዕዳ እንዳለበት ሳያውቅ ቢመለስ፣ አመጣጡ የጎብኚ እንጂ የተመላሽ አይሆንም።

ስለ መንዝ ኑሮ ሲነሣ ዶናልድ ሌቪን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ተቀምጦ አጥንቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአካባቢያችንን ገበሬ በጥሞና ያየ መጽሐፍ ነው። የርስትን ፍቅርና ሙግቱን ደኅና አድርጎ ገልጾታል። አልስማማበት ያለኝ የአማራውን ኑሮ በግለኝነት የሚተነትንበት ክፍል ነው። የአጎቴ መዝገብ ይህን ትንተና አይደግፍም። የጓሳ መሬትም እንዲሁ። የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጉ፣ በጊዜው እየከፈቱ፣ ሣሩን ለጣራ፣ ግጦሹን ለከብት እየተካፈሉ ኖረዋል፤ ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ግለኛ ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን ሣር አብሮ አይጠብቅም። ደግሞም ጓሳውን ጠብቆ የከበረ ሰው አላውቅም። የተከበረ ግን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ልጅየው ልለፍ። የብላቴን ጌታ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መልሰው በ1939 ዓ.ም. አሳተሙ። (በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ ስለማገኘው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ የነገሥታቱ ልጆች ይጠበቁባት የነበረችው አምባ ግሸን ናት እንጂ የእኛው ግሼ አይደለችም። ግሸን ወሎ፣ ግሼ ከመንዝ ጋር ነው።) ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም፤ በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሟል፤ «ራሴላስ»ን ደግሞ በ1759 እ.ኤ.አ. አወጣ። ታሪኩ በምቾት ሸለቆ ውስጥ ምንም ሳይጎድልበት የተሰላቸ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ፣ ከእኅቱና ኢምላክ ከተባለ ባለቅኔ ጋር ሸለቆውን ጥሶ ወጥቶ፣ ደስተኛ የሆነ ኑሮ የትኛው እንደሆነ የሚፈትሽበት ነው። ባለጠጋውን ያያል፤ ባሕታዊውን ያያል፤ እረኞቹን ያያል። ትዕግሥትን ሲያስተምር የነበረው ፈላስፋ ልጁ ስትሞትበት ቃሉ ሁሉ ባዶ ሲሆንበት ያያል።

ለጉዳያችን በተለይ የሚጠቅመው የኢምላክ ታሪክ ነው። ጆንሰን የጎጃም ሰው ያደርገዋል። አባቱ ነጋዴ ነው፤ ሀብታም ከመሆን ሌላ ምኞት የለውም፤ ግን ሀብቱን ገዥዎች እንዳይወስዱበት መደበቅ ነበረበት። ለልጁ ዐሥር ሺህ ወርቅ ሰጥቶ በአራት ዓመት እንዲያጥፈው ያዘዋል። ልጁ ግን ወርቁን ትቶ ዓለምን ለማየትና ለመማር ይሄዳል። የዘመኔ ተማሪዎች ይህን ክፍል ሳነብላቸው ጸጥ ይላሉ። የሚደበቅ ሀብት ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም።

የ«ራሴላስ» መጨረሻ ደግሞ ብዙ አንባቢን ያስቆጣል። ጆንሰን የመጨረሻውን ምዕራፍ ምንም የማይደመደምበት መደምደሚያ ብሎ ይሰይመዋል። መንገደኞቹ እያንዳንዳቸው የሚመኙትን ይናገራሉ፤ አንዷ ገዳም፣ አንዷ የሴቶች ትምህርት ቤት፣ ልዑሉ በፍትሕ የሚያስተዳድራት ትንሽ መንግሥት ይመኛሉ፤ ምኞታቸው እንደማይሞላ ዐውቀው ወደ ኢትዮጵያ ሊመለሱ ይወስናሉ። እነዚህም ተመላሾች ናቸው። ነገር ግን እንደ አወቀ መልስ ይዘው አይመለሱም። አባትየው ምርጫው የተቈረጠለትን ሰው ታሪክ ጻፉ፤ ልጅየው ምርጫው ያልተቈረጠለትን ሰው ታሪክ ተረጐሙ። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የፋሺስት ወረራ አለ፤ አባትየው በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ያረፉበት ሞት አለ። ትርጉሙ ለአባት የተሰጠ መልስ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እንዲህ ማለት የሐያሲ ድፍረት ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ግን «አዲስ ዓለም» የዘለለውን ጥርጣሬ «ራሴላስ» ውስጥ ያገኘዋል፤ «ራሴላስ» ያጣውን ወገን ደግሞ «አዲስ ዓለም» ውስጥ ያገኘዋል። ልዑሉ የማንንም ኑሮ ቆሞ ያያል እንጂ አብሮ አይበላም። አወቀ ቢያንስ የሚጣላው ከዘመዶቹ ጋር ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ለተማሪው የሰጠሁት መልስ ይህን ያህል ረጅም አልነበረም። «አወቀ ምን ተጠቀመ ብለህ ጠይቀኸኛል፤ ጥያቄው ደኅና ነው፤ ግን ስንቁን ማን እንደሰነቀለት መጀመሪያ ፈልግና ንገረኝ» አልሁት። መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ነገረኝ። በፈተናው ላይ ሦስት ገጽ ጻፈ። አወቀን ከሰሰው፤ ቀጥሎ ራሱ ጠበቃ ሆነለት፤ በመጨረሻ ስለ እናቱ ጠላ ሽያጭ፣ ጥያቄው ያልጠየቀውን አንድ አንቀጽ ጨመረበት። አንቀጹን ከፈተናው ውጭ ነው ብዬ ልሰርዘው ብዕሬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ከዐሥር ዘጠኝ ሰጠሁት፤ አንዷን የቀነስሁበት ግሸንን ግሼ ብሎ ስለጻፈ ነው።