በቃል የተነገረ ካርታ

የምኖረው ንፋስ ስልክ ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ነው፤ ጎረቤቱ ላፍቶ ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። በከተማው ካርታ ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሰፍረዋል። አንዱ መሣሪያ፣ አንዱ ዛፍ መሆኑን ግን የሚነግረን ሰው እንጂ ካርታው አይደለም። ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የጥንት ካርታዎችና የሥዕል ኅትመቶች ሳገላብጥ የማነሣው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ተናጋሪው ማን ነበር?

ሄንሪ ሳልት እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱምን በዓይኑ አይቶ ሐውልቱን ሣለ፤ በ1809 ለንደን አሳተመው። ይህ የተመልካች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1683 የወጣው የኢዮብ ሉዶልፍ ካርታ ግን የሰሚ ሥራ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አልረገጠም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ካገኛቸው፣ በ1652ም ወደ ጎታ ከመጡት ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ሰማ። መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነበር። ኦርቴልዮስ በ1573 የቄስ ዮሐንስን ግዛት ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ዘርግቶት ነበር፤ በሉዶልፍ ካርታ አገሪቱ ወደ ልኳ ተሰበሰበች፤ የቦታ ስሞችም በአገሬው አጠራር እንዲቃኑ ተሞከረ። እርግጥ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ሥራም ረድቶታል፤ ሁሉን ለአባ ጎርጎርዮስ መስጠት ማጋነን ይሆናል።

ቢሆንም ካርታው በከፊል በቃል የተነገረ ድርሰት ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1698 ለታተመው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው መሠረት የሆነውም ይኸው አንደበት ነው። ሰዋስዉን የአማርኛ ጥናት መነሻ አድርገን እናስተምራለን፤ ካርታውን ግን ለታሪክና ለጂኦግራፊ ክፍል ትተንላቸዋል። ተናጋሪውንም «መረጃ አቀባይ» ብለን እናልፋቸዋለን። ቃሉ አይጥመኝም፤ የእጅ ውኃ ያቀበሉ ያስመስላቸዋል። አገርን በቅደም ተከተል ማስታወስ፣ ስሙን እየጠሩ ለባዕድ ጆሮ መተረክ የደራሲ ሥራ ካልሆነ፣ የቃል ግጥምን በምን ሚዛን ሥነ ጽሑፍ አልነው?

ጥፋቱን በሉዶልፍ ማላከክ አይቻልም። እሱ ባለውለታውን አልደበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስን ምስል አስቀርጾ አውጥቷል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1658 በባሕር ጉዞ ላይ መርከባቸው ተሰብሮ ስለ ሞቱ ካርታውንም፣ ምስሉንም፣ ሰዋስዉንም አላዩም። እኔም የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሳስተምር ይህን ምስል ለተማሪዎቼ አሳይቼ አላውቅም።