«እጃችሁን ስጡን!» ወይም በእንግሊዝኛ ታስቦ በአማርኛ ስለሚጻፍ እጅ

ከአንድ የወገን መርጃ ማኅበር የገንዘብ ማሰባሰቢያ ጥሪ በኢሜይል ደረሰኝ። የማኅበሩን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ዓላማው የሚደገፍ ነው፣ ጸሐፊዎቹም እንደኔው ከአገር ከወጡ ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ጥሪው በደማቅ ፊደል እንዲህ ሲል ይደመድማል፦ «የተቸገሩ ወገኖቻችን ይጠብቁናልና እባካችሁ እጃችሁን ስጡን!»

እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ጸሐፊው በልቡ «ጊቭ አስ ኤ ሃንድ» ብሎ አሰበና በእኛ ፊደል አሰፈረው፤ አግዙን ማለቱ ነው። በአማርኛ ግን እጁን የሚሰጠው የተሸነፈ ነው። «እጅህን ስጥ!» የሚለው ጠመንጃ የደገነ ሰው ነው። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡት ለጄኔራል ናፒየር እጃቸውን ላለመስጠት ነበር። በናፒየር ቋንቋ «እጅ ስጠኝ» የሚል ሰው ከባድ ዕቃ ለማንሳት አጋዥ ፈልጎ ይሆናል፤ በቴዎድሮስ ቋንቋ ጉዳዩ የሞት ሽረት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የቃላት ፍቺ አይሞላውም፤ «ሃንድ»ም እጅ ነው፣ «ጊቭ»ም መስጠት ነው። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ሆኖ ነገሩ በሙሉ ሊገለበጥ ይችላል።

ይህን የማነሳው በአንዲት ጥሪ ለመሳለቅ አይደለም። እኛ ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች በየድረ ገጹ በምንጽፈው አማርኛ ውስጥ እንዲህ ያለው የተዋሰ እጅ ሞልቷል። «በአንድ እጅ መንግሥት ይህን ይላል፣ በሌላ እጅ ተቃዋሚው…» የሚል ጽሑፍ ስንት ጊዜ አንብበናል? «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» የሚል ጥርት ያለ አነጋገር ምን አጥፍቶ ተባረረ? የድርጅት መሪዎች መግለጫ ሲሰጡ «እጃችን የታሰረ ነው» ማለት ጀምረዋል፤ ማድረግ አልቻልንም ለማለት። በእንግሊዝኛ ይህ ትሑት ሰበብ ነው። የአማርኛ አንባቢ ግን እጅ ሲታሰር ያያል። የፊጥኝ የሚል ቃል ያለው ሕዝብ ነን፤ ክንድ ወደ ኋላ ተጠምዞ ሲታሰር ማለት ነው። በደርግ ዘመን ልጇ የፊጥኝ ታስሮ ሲወሰድባት ያየች እናት በሕይወት እያለች፣ በሆቴል አዳራሽ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው የስብሰባ ደንብ ስለከለከለው ብቻ «እጄ ታስሯል» ሲል ለጆሮ ይከብዳል።

የባሰውስ «እጅ በእጅ» ነው። «ዴሞክራሲና ልማት እጅ በእጅ ይሄዳሉ» የሚለው አባባል በፖለቲካ ጽሑፎቻችን ውስጥ ያልገባበት የለም። «ሃንድ ኢን ሃንድ» መሆኑ ነው። መርካቶ ውስጥ «እጅ በእጅ» ማለት ግን ዱቤ የለም ማለት ነው፤ ገንዘቡን ቁጠር፣ ዕቃውን ውሰድ። እንደ ነጋዴው ከተረዳነው ጸሐፊው ዴሞክራሲን በጥሬ ገንዘብ ሊሸጥልን ነው። ለተፈለገው ነገር «እጅ ለእጅ ተያይዘው» የሚል ነበረን፤ ያውም የሚታይ ነገር ያለበት።

የእንግሊዝኛው እጅ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ብዙው የመጣው ከመርከብ፣ ከፋብሪካ፣ ከካርታ ጨዋታና ከፈረስ ግልቢያ ነው። በመርከብ ላይ «ሃንድ» ማለት ሰውየው ራሱ ነው፤ «ኦል ሃንድስ ኦን ዴክ» ሲባል መርከበኛው ሁሉ ይውጣ ማለት ነው። የፋብሪካ ባለቤቶችም ሠራተኞቻቸውን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው «ሃርድ ታይምስ» በተሰኘው ልብ ወለድ ይህን አጠራር በምሬት ይተቸዋል፤ ሰው እጅ ብቻ ሆኖ ቢፈጠር ለአንዳንዶች ይመቻቸው ነበር የሚል ነው ነገሩ። ያለ ብዙ ድካም አሸነፈ ለማለት የሚነገረው «ሃንድስ ዳውን» ድሉን ያረጋገጠ ጋላቢ ልጓሙን ለቀቅ፣ እጁን ዝቅ ከማድረጉ የተገኘ ነው። «እጁን አሳየ» የሚለው የቁማርተኛ ነው፤ በእጁ ያለውን ካርታ ገለጠ ለማለት። የጉልበት ሠራተኛ፣ መርከበኛ፣ ቁማርተኛ፣ ጋላቢ፦ የእንግሊዝኛ እጅ በአመዛኙ የሥራና የጨዋታ እጅ ነው።

የእኛስ? የእኛ እጅ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ክብርና ስለ ማዕረግ፣ ስለ መስጠትና ስለ መቀበል ነው። እጅ መንሣት ዝቅ ብሎ ሰላምታ ማቅረብ ነው። እጅ መንሻ ወደ ትልቅ ሰው ባዶ እጅ ላለመሄድ የሚያዝ ስጦታ ነው፤ ኋላ የጉቦ ጨዋ ስም ሆነ እንጂ። እጅ ያጠረው ሰው ገንዘብ የቸገረው ነው። እጀ አመድ አፋሽ የሚባለው ደግሞ ለሰው ደክሞ ምስጋና የማያገኘው ነው። (ለዚህ በእንግሊዝኛ አቻ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ የማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ያገለገለ ሁሉ ግን ትርጉሙን ያውቀዋል።) እጅ ክፍልፋይም ነው፦ አሥራት ከአሥር እጅ አንዱ ነው። አንድ ነገር ሲደጋገምና ሲሰለች እጅ እጅ ይላል። ምግብ የጣፈጠው እንግዳም ባለሙያዋን «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ ይመርቃል።

አልፎ አልፎ ሁለቱ እጆች ይገናኛሉ። «ከእጅ ወደ አፍ» የሆነ ኑሮ በእንግሊዝኛም በስዊድንኛም አለ፤ ድኅነት አስተርጓሚ አይፈልግም። የጲላጦስ እጅ መታጠብ ከማቴዎስ ወንጌል ስለመጣ የጋራችን ነው፤ ይሁንና በእኛ ቤት እጅ መታጠብ ከሁሉ አስቀድሞ ማዕድ መቅረቡን ያበሥራል። አንድ ፖለቲከኛ «እኔ ከዚህ ጉዳይ እጄን ታጥቤያለሁ» ሲል፣ ሊበላ ነው ወይስ ሊሄድ ነው ብሎ የሚጠራጠር አንባቢ አይፈረድበትም። በደም የቀላ እጅን የሚያስታውሰው «ሬድ ሃንድድ» ሥሩ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ሕግ ውስጥ ነው፤ እኛም «እጅ ከፍንጅ» የሚል የቆየ አነጋገር ስላለን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የሚያወራበትን ጉዳይ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ማንም «ቀይ እጅ» ብሎ ለመተርጎም አልተነሣም፤ ተመስገን ነው።

የተዋስነው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። «የእጅ አዙር ቅኝ ግዛት» የሚለው የተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን አነጋገር የሚያስደንቅ ሥራ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል አዲስ ቅኝ ግዛት ከማለት አያልፍም፤ እጅ የሚባል ነገር የለበትም። ተርጓሚው ግን ዞሮ የሚመጣ እጅን ከራሱ ቋንቋ አውጥቶ ሐሳቡን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 በጻፈው የኢኮኖሚ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳት «የማይታይ እጅ»ም በቀጥታ ተተርጉማ ያለችግር ገብታለች፤ ስውር እጅ ለእኛ እንግዳ አይደለምና።

በሌላ በኩል ቋንቋው ሳይሆን አስተሳሰቡ ራሱ የሚቃረንበት ጊዜ አለ። እንግሊዛዊው በእጅ ያለች አንዲት ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ካሉት ሁለት ትበልጣለች ይላል። ስዊድኖች ደግሞ ያመለጡትን ወፎች አሥር አድርሰው ጫካ ውስጥ አስገብተዋቸዋል። በየንግግሩ «በእጅ ያለች ወፍ» እያሉ የሚጠቅሱ ወገኖች የእኛ አበው ስለ እጅ ምን እንዳሉ ያስታውሱ ይሆን? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።» እነዚያ ያለህን አጥብቀህ ያዝ ይላሉ፤ የእኛዎቹ ሰው የያዘውን ይንቃል ብለው ይታዘባሉ። የመጀመሪያው ምክር ነው፣ የሁለተኛው ትዝብት ነው። አንዱን በሌላው የሚተካ ተርጓሚ ወፏንም ወርቁንም ያጣል።

«ቋንቋ ያድጋል፣ ይዋሳል፣ አንተ የቃላት ዘበኛ ልትሆን ነው ወይ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እርግጥ ይዋሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «እጃችሁን ስጡን» የሚለውን ጥሪ በትክክል የሚረዳው ማን ነው? እንግሊዝኛ የሚያውቀው ብቻ ነው፤ እሱ በአማርኛው አሻግሮ እንግሊዝኛውን ያነባል። እሱ ደግሞ ትርጉም አያስፈልገውም ነበር። ትርጉም የሚያስፈልጋቸው ከልጃቸው ጋር ለመኖር በቅርቡ የመጡት እናት ናቸው፤ በእሳቸው ጆሮ ግን ጥሪው ተማረኩ ይላል። ስለዚህ ይህ አማርኛ የሚያገለግለው የማይፈልገውን ሰው ነው። እርስ በርሳችን የምንግባባበት ምስጢራዊ ቋንቋ አበጅተን፣ ለሕዝብ ጻፍን እንላለን።

እዚህ ስቶክሆልም ጉዳዩ ከመጣጥፍ ያልፋል። በእንግሊዝኛው ላይ ስዊድንኛው ተጨምሯል፤ ስዊድንኛ ደግሞ እጅ የሚወድ ቋንቋ ነው፣ ያውም የመሥሪያ ቤት እጅ። ሰነድ «ሃንድሊንግ» ነው። ጉዳይህን የያዘው ሠራተኛ «ሃንድሌጋሬ» ነው፤ ቃል በቃል እጁን የሚያኖርበት ሰው። ቤት ስትገዛ መጀመሪያ የምትከፍለው «ሃንድፔኒንግ» ነው፣ የእጅ ገንዘብ እንደማለት፤ ዘወትር ከዋጋው ከመቶ አሥር እጅ ያህል ይሆናል። ይህንን «እጅ መንሻ» ብሎ የሚተረጉም ቢገኝ ቤት ገዢውን ሁሉ ጉቦ ሰጪ ያደርገዋል። ቀብድ የሚል ቃል አለን።

ቀብዱ ያስቃል። የሚከተለው ግን አያስቅም። «ታ ሃንድ ኦም» ማለት ተንከባከበ፣ ጠበቀ ማለት ነው፤ ሕፃኑንም አበባውንም «ታ ሃንድ ኦም» ያደርጉታል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ኦምሄንደርታጋንደ» ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የወጣቶች እንክብካቤ ሕግ፣ ሁላችንም «ኤል ቪ ኡ» የምንለው፣ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ሁላችንም «ሶሻል» የምንለው አካል ልጁ አደጋ ላይ ነው ብሎ ሲያምን ከቤት አውጥቶ በራሱ ኃላፊነት ሥር ያደርገዋል። አስቸኳይ ከሆነ መጀመሪያ ይወስዳል፣ ውሳኔውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ያቀርባል። በዚያው ሕግ «ሃንድሬክኒንግ» የሚል ቃል አለ፤ እጅ መዘርጋት ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ውሳኔውን ለማስፈጸም የፖሊስ እርዳታ ነው። ስዊድንኛው ራሱ ለስላሳውንና ጠንካራውን በአንድ እጅ ይዟል።

እንግዲህ ተንስታ ወይም ሪንከቢ የምትኖር እናት በአንድ ክፍል ተቀምጣ አስተርጓሚው «ልጅሽን ሊንከባከቡልሽ ነው» ይላታል እንበል። ታመሰግናለች። ወይም «ልጅሽ በጥሩ እጅ ላይ ናት» ይላታል፤ «ኢን ጉድ ሃንድስ» ብሎ በእንግሊዝኛ አስቦ። በአማርኛ እጅ ላይ የሚወድቀው ምርኮኛ ነው። የመጀመሪያው ትርጉም መቃወም ያለባትን ያስተዋታል፤ ሰነዱን ሳታነብ ትፈርማለች፣ ጠበቃ አትጠይቅም። ሁለተኛው አገሩ ሁሉ ልጅ ነጣቂ እንደሆነ ያሳምናታል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ ስዊድን የሙስሊም ልጆችን ትሰርቃለች የሚል ወሬ በዓረብኛ በማኅበራዊ መገናኛዎች ሲነዛ፣ መንግሥት የተዛባ መረጃ ነው ብሎ ማስተባበል ግድ ሆኖበት ነበር። የዚያ ወሬ ምንጭ ትርጉም ነው አልልም። ፍርሃት የተዘራው ግን ሰዎች ሕጉን በሚገባቸው ቋንቋ ባልሰሙበት መሬት ላይ ነው።

አስተርጓሚዎቻችንን ልወቅስ አልፈልግም፤ ጊዜ ሳይሰጣቸው፣ በስልክ፣ ክፍሉን ሳያዩ የሚሠሩ አሉ። መሣሪያው ግን በእጃችን ነበር። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚለውን መጽሐፍ ካዘጋጁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ዳኛቸው «አደፍርስ»ን በአማርኛ፣ «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ እንዲያ የያዘ ደራሲ ተቀምጦ ፈሊጥ መልቀሙ ያለ ነገር አይመስለኝም።

ለ«ኦምሄንደርታጋንደ» በበኩሌ የማቀርበው ይህ ነው፦ «ልጁን ከቤት አውጥቶ በማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሥር ማድረግ፤ ወላጅ ባይስማማም እንኳ»። በራሪ ወረቀት የሚተረጉም አንድ ወዳጄ ይህን አሳየሁትና ሳቀ። ስዊድንኛው አንድ ቃል ነው፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ያንተ አማርኛ ሦስት መስመር ይወስዳል አለኝ። ሠንጠረዡን ያስፉት።