ከፊልሙ በፊት የሚመረመር እጅ፦ ለአንገት ዲስክ ሕመም ቀዶ ሐኪም ስለ መምረጥ

ለዓመታት በቆየ የአንገት ዲስክ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ቀዶ ሐኪም ሲፈልግ «ጎበዝ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ መልሱም ከዘመድ፣ ከጎረቤት ወይም ቀድሞ ከታከመ ሰው የሚገኝ ስም ነው። ስም ማጠያየቁ ተገቢ ቢሆንም፣ የሐኪሙ የእጅ ጥበብ የሚገለጠው ታካሚው በሰመመን ተኝቶ ሳለ በመሆኑ፣ ታካሚው በዓይኑ አይቶ ሊመዝነው የሚችለው የሙያው ክፍል ሌላ ነው። እርሱም ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ወይም አያስፈልግም ወደሚል ውሳኔ የሚደርስበት መንገድ ነው። በዚህ ሕመም ረገድ ውሳኔው ከእጁ ይቀድማል፤ ያላስፈለገ ቀዶ ሕክምና የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ሕመሙን ሳያነሣ የራሱን ጉዳት ሊተው ይችላልና።

የአንገት አከርካሪ ሰባት አጥንቶች ያሉት ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል በቀር በአጥንቶቹ መሐል ዲስክ የሚባል፣ ውጪው ጠንካራ ቀለበት ውስጡ ለስላሳ የሆነ አካል ይገኛል። ይህ አካል ሲያረጅ ወይም ሲቀደድ የሚያስከትለው ሕመም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው በአንገትና በትከሻ አካባቢ ብቻ የሚሰማ ሕመም ነው። ሁለተኛው ከህብለ ሰረሰር ወደ ክንድ የሚወጣው የነርቭ ሥር ሲጨመቅ የሚመጣ፣ ከትከሻ እስከ ጣት የሚወርድ ውጋት፣ መደንዘዝና የጡንቻ ድካም ነው። ሦስተኛውና አደገኛው ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ሲጨመቅ የሚከሰት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከሕመም ይልቅ በእጅ መንቀርፈፍና በአረማመድ መዛባት ይታወቃል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል፣ ሲኒ ከእጅ ያመልጣል፣ ደረጃ ሲወረድ ግድግዳ መደገፍ ይመጣል። የአንገት ሕመም ብቻ ላለበት ሰው የቀዶ ሕክምና ውጤት እርግጠኛ አይደለም። የነርቭ ሥር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ የሚሻሻል ሲሆን፣ ለማይሻለው ወይም ጡንቻው እየደከመ ለሚሄደው ቀዶ ሕክምናው በጎ ውጤት አለው። ህብለ ሰረሰሩ ተጨምቆ ምልክቱ እየጨመረ ለሚሄድ ሰው ግን መዘግየት ራሱ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ቀዶ ሕክምናው በዋናነት የሚያደርገው ጉዳቱ እንዳይቀጥል መግታት እንጂ የጠፋውን ሁሉ መመለስ አይደለም። ታካሚው ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንዳለበት በግልጽ ሳይነግረው የቀጠሮ ቀን የሚቆርጥ ሐኪም ዋናውን ሥራ ዘሏል።

ይህን ለመለየት ሐኪሙ በእጁ መመርመር አለበት፤ ምርመራውንም ታካሚው ሊከታተለው ይችላል። ጥንቁቅ ሐኪም ታካሚውን ልብሱን አስወልቆ የሁለቱን ክንዶች ጡንቻ ያነጻጽራል፣ ክንዱን አጥፎና ዘርግቶ እንዲገፋው ያዘዋል፣ የክርን ጅማቱን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጋል፣ የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ ነጥሎ ይጠይቃል። የአውራ ጣት መደንዘዝ ብዙ ጊዜ ወደ ስድስተኛው የነርቭ ሥር ሲያመለክት፣ የመካከለኛው ጣት መደንዘዝ ክንድን ከመዘርጋት ድካም ጋር ሲመጣ ወደ ሰባተኛው ያመለክታል። ቀጥሎ የመካከለኛውን ጣት ጥፍር ጫን አድርጎ ድንገት ሲለቀው አውራ ጣቱ በራሱ ወደ መዳፍ ይታጠፍ እንደሆነ ያያል፤ ይህ ህብለ ሰረሰሩ ስለ መጨመቁ ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዱ ነው። እጁን በ10 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ጨብጦ መዘርጋት እንደሚችልም ይቆጥራል፤ ጤናማ ጎልማሳ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ይችላል። በመጨረሻም ተረከዝን ከጣት ጫፍ እያገናኘ በቀጥታ መስመር እንዲሄድ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት ብዙም የማያልፍ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን የኤም.አር.አይ. ፊልሙ ሊያሳስት ይችላል።

ፊልም ብቻውን ስለሚያሳስትበት ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1990 ስኮት ቦደንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። ምንም የአንገት ሕመም የሌለባቸውን 63 ሰዎች በኤም.አር.አይ. አንሥተው ሲያዩ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆኑት ወደ 60 በመቶ በሚጠጉት ላይ ቢያንስ አንድ ያረጀ ወይም የጠበበ ዲስክ ተገኝቷል። እንግዲህ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ «እዚህ ጋ ዲስክ ወጥቷል» ማለት ገና ምርመራ አይደለም፤ ምርመራ የሚሆነው በፊልሙ የታየው ቦታ ከደነዘዘው ጣትና ከደከመው ጡንቻ ጋር ሲገጥም ነው። ካልገጠመ ጥሩ ሐኪም ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ የእጅ አንጓ ነርቭ መጨመቅ፣ የትከሻ ጅማት መቀደድ፣ በስኳር ሕመም የተጎዳ ነርቭ ሁሉ የአንገት ዲስክን ይመስላሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ከሐሳብ መውጣት የለበትም፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ መኖሩን ያልጠየቀ ሐኪም ምርመራውን አልጨረሰም። ታካሚው አስቀድሞ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ እንደሆነ ያለ ቁጣ መጠየቅም የዚሁ ምርመራ አካል ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ የተጨመቀ ሰው አንገቱ በኃይል ቢጠመዘዝ ሽባ ሊሆን ይችላልና።

ቀዶ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑ ከታመነ በኋላ የትኛው ዓይነት እንደሚሻል መጠየቅ ይገባል። ከአንገት ፊት ለፊት ገብቶ ዲስኩን በማውጣት ሁለቱን አጥንቶች ማያያዝ እ.ኤ.አ. በ1958 ጆርጅ ስሚዝና ሮበርት ሮቢንሰን ከባልቲሞር፣ ራልፍ ክሎዋርድ ደግሞ ከሆኖሉሉ በየፊናቸው ካሳተሙት ወዲህ ዋናው መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ከእርሱ ሌላ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ዲስክ መተካት፣ ከኋላ ገብቶ የነርቩን መውጫ ማስፋት፣ ወይም ጭምቀቱ በብዙ ደረጃ፣ ማለትም በብዙ ዲስኮች ቦታ፣ ሲሆን የህብለ ሰረሰሩን መተላለፊያ ከኋላ መክፈት አለ። ማያያዝ ሕመሙን ቢያነሣም ከጎን ያሉትን ዲስኮች አያድንም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 አላን ሂሊብራንድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት በአጎራባች ደረጃ አዲስ ሕመም በየዓመቱ በአማካይ በ2.9 በመቶ ታካሚዎች ላይ ታይቷል። የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ የሆነ ሐኪም ሁሉንም ታካሚ ወደዚያው መንገድ ማስገባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ «ለምን ይህ ሆነ፤ ሌላውስ ለምን አይሆንም?» የሚለው ጥያቄ ከ«ስንት ሠርተሃል?» ባልተናነሰ ሊጠየቅ ይገባል።

የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይሻላል ወይስ የአጥንት የሚለው ክርክር ግን ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ በአከርካሪ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ይህን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ ከሆነ ከሁለቱም ወገን መሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ከተጀመረ ወዲህ ቀድሞ ወደ ውጭ ይላክ የነበረ ብዙ ሥራ በአገር ውስጥ ይሠራል።

ከዚህ ክርክር ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሌሊት ነው። በአንገት ፊት በኩል በሚሠራ ቀዶ ሕክምና የመዋጥ ችግርና የድምፅ መጎርነን የሚታወቁ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላሉ። በጣም አልፎ አልፎ ግን ቁስሉ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ የአየር ቧንቧን ይጫናል፤ ይህ ሲሆን ሐኪም ከቤቱ እስኪመጣ ድረስ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። አንገቱ ሲያብጥ፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ መተንፈስ ሲቸግረው አይታ ስፌቱን እዚያው አልጋው ላይ መክፈት እንዳለባት የምታውቅ ነርስ፣ በአቅራቢያም ሰመመን ሰጪ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ታካሚው «ሌሊቱን ማን ያየኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም፤ ጥያቄውን በደስታ የሚመልስ ሐኪም ጉዳዩን አስቀድሞ አስቦበታል።

ወደ ህንድ ወይም ወደ ታይላንድ ሄዶ መታከም ለሚያስብም ሚዛኑ ይኸው ነው። የተጨመረበት ነገር ቢኖር ከሕክምናው በኋላ ያለው ክትትል ነው፤ የገባው ብረት ወይም ሰው ሠራሽ ዲስክ ስሙና መጠኑ፣ የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር ዘገባ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሡት ፊልሞች በእጅ ካልተያዙ፣ ከዓመታት በኋላ ክንዱ እንደገና ሲደነዝዝ የሚያየው የአገር ቤት ሐኪም ለብዙ ጥያቄዎቹ መልስ አያገኝም።