ቀንድ ብቻውን ልዩነት አይሆንም

ሰውና ሰው ያልሆነ አስተዋይ ፍጡር በአንድ መንደር የሚኖሩበትን ምናባዊ ልብ ወለድ ስጽፍ፣ የፍጡሩን መልክ የምወስነው በመጨረሻ ነው። ቀንድ፣ ክንፍ፣ የሾለ ጆሮ ለማንም ጸሐፊ ይመጣል፤ አንባቢም ሁለት ገጽ ሳይሄድ ይረሳዋል። አስቀድሜ የምጠይቀው ይህ ፍጡር ስንት ዓመት ይኖራል፣ መቼ ይተኛል፣ ምን ይበላል፣ በጨለማ ያያል ወይ፣ ልጁን እንዴት ያሳድጋል የሚለውን ነው። አካሉ የሚጠይቀው ነገር ከሰው አካል ጥያቄ ሲለይ፣ ያኔ እውነተኛ ልዩነት ተፈጠረ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያንን አንድ ልዩነት ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነው።

ዕድሜን እንውሰድ። ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ባሳተመው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ውስጥ ኤልፍ የተባሉት ፍጡራን በእርጅና አይሞቱም። የሰው ልጅ ይሞታል፤ ሞቱም ከፈጣሪ የተሰጠው ስጦታ ተደርጎ ይነገራል። ከኤልፎቹ ወገን የሆነው ኤልሮንድ በአንድ ጉባኤ ላይ ከ3,000 ዓመት በፊት ስለተሰለፈ ጦር ሲናገር ፍሮዶ የተባለው ገጸ ባሕርይ ይደነቃል፤ ተናጋሪው ያንን ሰልፍ በዓይኑ ያየ መሆኑ ገና አሁን ገብቶታል። ለአንዱ ታሪክ የሆነው ለሌላው ትዝታ ነው።

እንዲህ ያሉ ሁለት ወገኖች በአንድ ቀበሌ ቢኖሩና የድንበር ክርክር ቢነሣ፣ ሰውየው «አባቴ እንደነገረኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ጎረቤቱ ግን ችካሉ ሲተከል እዚያው ቆሞ ነበር። ዳኛው የማንን ቃል ያጸናል? ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሰው የአያቱን በደል በሦስተኛው ትውልድ ሊተወው ይችላል፤ ጊዜ ያግዘዋል። ቤቱ ሲቃጠል ያየው ረጅም ዕድሜ ያለው ፍጡር ግን ዛሬም በሕይወት አለ። በዳዩ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ተበዳዩ ገና ይቅርታ የሚጠይቀውን ሰው ይጠብቃል። አንድ ሙሉ ልብ ወለድ በዚህ ላይ ይቆማል።

አሁን በያዝኩት ሥራ ውስጥ ያሉት ፍጡራን ክረምቱን ሙሉ ይተኛሉ። ሰኔ ሲጋመስ ዓይናቸው ይከብዳል፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ይነቃሉ። በቁመትም በመልክም ከሰው ብዙ አይርቁም። ይህን አንድ ነገር ይዤ ወደ ሰፈሩ ስገባ ጥያቄው ከየቤቱ ይወጣል። እቁብ አለ፤ የሐምሌንና የነሐሴን ማን ይጥልላቸዋል? እድር አለ፤ በክረምት ሰው ሲሞት ቀብር አልወጡም፣ ድንኳን አልተከሉም። ይቀጡ ወይስ በበጋ ድርብ ተራ ይውጡ? እርሻውማ ከሁሉም ይከብዳል፤ መሬት የሚታረሰውና የሚዘራው እነሱ በተኙበት ወራት ነው። ስለዚህ ወንፈል ይገባሉ። ሰው በክረምት ያርስላቸዋል፤ እነሱ በኅዳር ያጭዱለታል።

የቤቱ ቁልፍም አለ። የሚተኛው ቤተሰብ ቁልፉን ለሰው ጎረቤቱ አስረክቦ ይተኛል። ጣሪያ ቢያፈስ የሚደፍነው፣ ሌባ ቢመጣ የሚጮኸው ያ ጎረቤት ነው። በየዓመቱ ሕይወቱን በሌላው እጅ የሚያኖር ፍጡር ከነቃ በኋላ በገበያ ላይ እንዴት ይከራከራል? ቁልፍ ያዡን በዋጋ ሊቆጣው ይደፍራል? እነዚህን ስመልስ የልዩነቱ ክብደት ይታየኛል፤ ማን ማንን ሊጎዳ እንደሚችልና ለምን እንደማይጎዳው እየለየሁ እሄዳለሁ። የገጸ ባሕርያቱ ፍቅርም ጠብም የሚበቅለው ከዚህ መሬት ነው።

አብሮ መኖር በግንብና በመንገድ ላይም መታየት አለበት። ናኦሚ ኖቪክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው «ትሮን ኦፍ ጄድ» ላይ የናፖሊዮን ዘመን ሰዎች ከሚናገሩ ዘንዶዎች ጋር ይኖራሉ። በእንግሊዝ ዘንዶዎቹ ከሕዝቡ ርቀው በጦር ሰፈር ይቀመጣሉ። ቻይና ስንደርስ ግን የፔኪንግ ጎዳናዎች ዘንዶ እንዲያልፍባቸው ሰፍተው ተሠርተዋል፤ ዘንዶዎቹም ይማራሉ፣ ያነባሉ፣ ገንዘብ ይይዛሉ። ቴመሬር የተባለው ዘንዶ ይህን አይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠይቀው መብት ከየት እንደመጣ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም፤ መንገዱን አብረነው አይተናል።

እኛም ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተገነባው የሐረር ጀጎል ግንብ ግርጌ ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። በአሹራ በዓልም ለጅቦቹ ገንፎ ይቀርባል፤ አበላላቸው ታይቶ የመጪው ዓመት ነገር ይተነበያል። ጅብ እንደ ልብ ወለድ ፍጡር አይናገርም። ሆኖም ሰዎች ከሚያስፈራ ጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚዋዋሉ ለማጥናት ለምናባዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህች ከተማ የበለጠ ትምህርት ቤት አላውቅም። መግቢያ አለ፣ ሰዓት አለ፣ ምግብ አለ፣ በዓል አለ።

ከአካል ልዩነት ወደ አእምሮ ልዩነት ስንሻገር ጥንቃቄው ይጨምራል። ቴሪ ፕራቼት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው «ሜን አት አርምስ» ላይ ያሉት ትሮል የተባሉ ፍጡራን ከድንጋይ የሆኑ ናቸው፤ አእምሯቸው በቅዝቃዜ ይሰላል፣ በሙቀት ይደነዝዛል። ዲትሪተስ የተባለው ትሮል በሰዎች ከተማ ደደብ ተብሎ ይኖራል። እጅግ በሚቀዘቅዝ መጋዘን ውስጥ ሲዘጋበት ግን ግድግዳው ላይ ከባድ ሒሳብ መጻፍ ይጀምራል። የከተማው አየር ለሌላ አካል የተመቸ ስለነበር አንድ ሊቅ እንደ ሞኝ ተቆጥሮ ኖሯል። እኔም ፍጡራኔን «ሰነፍ» ወይም «ቁጡ» ከማለቴ በፊት የቆሙበትን ቦታ እመረምራለሁ፤ ማን ሠራው፣ ለማን አካል ተመቸ?

ክፋትን ለዝርያ መስጠት ግን ፈጽሞ አልፈልግም። ቶልኪን ራሱ ኦርክ የተባሉትን ፍጡራን ሁሉ ክፉ አድርጎ ከጻፈ በኋላ ከየት እንደመጡ ደጋግሞ ሲያስብበት ኖሮ የሚያረካው መልስ ሳያገኝ አልፏል። የሚያስብና የሚናገር ፍጡር ሲወለድ ጀምሮ የተኮነነ ከሆነ የሚመርጠው ነገር የለውም፤ ምርጫ ከሌለው ደግሞ ገጸ ባሕርይ አይሆንም። እኔ የምጽፈው በዘር መፈራረጅ ብዙ ደም ባፈሰሰበት አገር ላሉ አንባቢዎች ነው። ስለዚህ አካሉን ለዝርያው፣ ጠባዩን ለእያንዳንዱ እሰጣለሁ። ከሚተኙት መካከል ደግ አለ፣ ቆንቋና አለ፣ ውሸታም አለ።

በዚሁ ምክንያት ፍጡራኔን የየትኛውም ብሔረሰብ ምሳሌ አላደርጋቸውም። ሰውና ሰው በቋንቋ፣ በእምነት፣ በልማድ ይለያያሉ፤ የአካላቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው። አንድን ሕዝብ በሌላ ፍጡር መስሎ መጻፍ፣ ዓላማው በጎ ቢሆን እንኳ፣ ያ ሕዝብ ሰው አይደለም ከሚል ሐሳብ ይነሣል። ፍጡሩ በራሱ እንግዳ ሆኖ ሲቆም ይሻላል። አንባቢ ከእውነተኛ እንግዳ ጋር መዋዋልን ከተለማመደ፣ ከሰው ጋር መዋዋል ምን ያህል እንደሚቀል ራሱ ያየዋል።

ወጣት ጸሐፊዎች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ የምመክራቸው ይህንን ነው፤ ጦርነቱን ከመጻፋችሁ በፊት የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። እያንዳንዱ አንቀጽ አንዱ ወገን የሚያስፈልገውን፣ ሌላው የተወለትን ይናገራል። ሁለቱ ሊስማሙበት ያልቻሉት አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ብዕራችሁን አታንሡ፤ ታሪካችሁ እዚያ ነው ያለው።