ጠብታ የማያሳልፍ ስፌት

የሰፊን እጅ ለማወቅ ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው። ከውጭ ያማረው ከውስጥ ተተብትቦ ከተገኘ ሰፊው ገና ለማጅ ነው። የማሚቱ ጋሼን ስፌት ግን ማንም ገልብጦ አያየውም። ያረፈው ሰው ገላ ውስጥ፣ በሽንት ፊኛና በወሊድ መተላለፊያው መካከል ባለው ስስ ግድግዳ ላይ ነው።

ማሚቱ ወደዚህ ሙያ የገቡት በበሽተኛ በር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ገጠር ውስጥ ለቀናት አምጠው፣ ልጁም ሳይተርፍላቸው አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ደረሱ። ያከሟቸው በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ናቸው። ከሕክምናው በኋላ ማሚቱ እዚያው ቀሩ። አልጋ አነጠፉ፣ ታማሚ አስታመሙ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተው መሣሪያ አቀበሉ። ሲያቀብሉም ዓይናቸው ከሐኪሞቹ እጅ አልተነቀለም። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ማንበብም የተማሩት ኋላ ነው። ሸማኔ ልጁን ከጉድጓዱ ዳር አስቀምጦ እንደሚያስተምረው ሁሉ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈላቸው።

እሳቸውን ወደ ሆስፒታል ያመጣውን ጉዳት ያላወቀ የስፌቱን ክብደት አያውቅም። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የልጁ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር ያጣብቀዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላም ተቆርሶ ይወድቅና ቀዳዳ ይተዋል። ከዚያ ወዲያ ሽንቷ ቀንም ሌሊትም ይወርዳል። ይህ ነው ፌስቱላ። ስለዚህ የሚሰፋው በስለት የተቀደደ ጨርቅ አይደለም፤ ዳርና ዳሩ የነተበ፣ በጠባሳ የደረቀ ነው። የነተበ ልብስ ጠግኖ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል፤ ክሩን ሲስቡት ዳሩ አብሮ ይመጣል።

ጥበቡ እንግዲህ ከመስፋቱ በፊት ይጀምራል። ሽንትን ከኩላሊት የሚያወርዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ፊኛው ውስጥ የሚከፈቱበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ አንዱ በስህተት አብሮ ከተሰፋ ኩላሊቱ ይጎዳል። ቀጥሎ ፊኛው ከተጣበቀበት ግድግዳ ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ያልተላቀቀ ሥጋ በግድ ተስቦ ይሰፋል፤ በግድ የተሳበም ይፈታል። መርፌው የሚገባው ዳርና ዳሩ ሳይጎተት ሲገናኝ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ጣት በማይፍታታበት ጥበትና ጥልቀት፣ ረጃጅም መሣሪያ ይዞ ነው። ክሩም ቁስሉ እስኪገጥም ጠብቆ ገላ ውስጥ የሚሟሟ ዓይነት ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ፊኛው በሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠ ውሃ ይሞላል። አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ብቅ ካለች ስፌቱ አልያዘም ማለት ነው። ካላለች ሴትዮዋ ሁለት ሳምንት ያህል በሽንት ቱቦ ትቆያለች። የመጨረሻው ዳኛ ቱቦው በወጣ ማግስት የሚታየው አንሶላ ነው። ይሉኝታ የለውም፤ ወይ ደረቅ ነው ወይ እርጥብ።

በ1974 አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ሲከፈት ማሚቱ ከሐምሊኖች ጋር አብረው ነበሩ። ዲግሪያቸውን ይዘው ለልምምድ የሚመጡ ቀዶ ሐኪሞች፣ ከውጭ አገር የመጡትም ጭምር፣ ከማሚቱ አጠገብ ቆመው ተምረዋል። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣቸው። በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በዓመቱ መቶ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው።

እኔን ከሜዳሊያው ይልቅ የሚደንቀኝ እኒህ ባለሙያ የሰፉትን ጨርቅ በራሳቸው ገላ ማወቃቸው ነው። ሌላው ሐኪም ሰማያዊውን ጠብታ በዓይኑ ያየዋል። እሳቸው ግን ጠብታው ሌሊት ምን እንደሚያደርግ፣ ጧት ከሰው ፊት እንዴት እንደሚያስሸሽ ኖረውበታል። ይህን የኖረ ሰው፣ ማንም ገልብጦ የማያየው ነው ብሎ ስፌት አያላላም። የሙያ ሐቀኝነት የምለው ይህንን ነው።

ከሆስፒታሉ ድና የምትወጣ ሴት አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ስትመጣ በጠረኗ የተነሣ ከአውቶቡስ የተባረረች ብዙ ናት። ስትመለስ ከሰው ጎን ትቀመጣለች። አገሯ ደርሳ ስትወርድ ወንበሩ ደረቅ ነው።