የሰው ኃይል አስተዳደርና የድርጅት ውጤት፦ የሁስሊድ ጥናት ሲመረመር

ማርክ ሁስሊድ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት፣ ለሠራተኛ አመራረጥ፣ ለሥልጠና፣ ለምዘናና ለማትጊያ ክፍያ የሚተጋ ድርጅት ትርፉም እንደሚያድግ ለማስረዳት ዘወትር ይጠቀሳል። መጠይቁ ከተላከላቸው የአሜሪካ ድርጅቶች መካከል 28 በመቶ ያህሉ መልስ ሲሰጡ፣ ለትንተና የዋሉት 968 ናቸው። በጥናቱ ግምት መሠረት፣ የእነዚህ አሠራሮች መለኪያ በአንድ መደበኛ ልይይት ከፍ ሲል ሥራ የሚለቁ ሠራተኞች መጠን በ7.05 በመቶ ይቀንሳል፤ ዓመታዊ ሽያጭም በአንድ ሠራተኛ ሲሰላ በ27,044 ዶላር ይጨምራል።

ለጥናቱ የሚገባው ምስጋና አይነፈግም። አንድን አሠራር ብቻ ነጥሎ የመመርመርን ልማድ ትቶ፣ አመራረጡ፣ ሥልጠናውና ክፍያው ተደጋግፈው ምን እንደሚያስገኙ በሰፊ ናሙና ፈትሿል።

ይሁን እንጂ ሁለት ድክመቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የመረጃው ምንጭ ነው። ብዙ ሠራተኞች ስላሉት ድርጅት አሠራር መጠይቁን የሞላው አንድ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ብቻ ነው፤ ኃላፊውም የሚመሰክረው ስለ ራሱ ሥራ ነው። በመመሪያ የሰፈረውና በተግባር የዋለው ምን ያህል እንደሚራራቁ ሠራተኛው ይበልጥ ያውቀዋል።

ሁለተኛውና ዋነኛው የመንሥኤና የውጤት ቅደም ተከተል ነው። ሥልጠና ትርፍ ሊያመጣ እንደሚችል ሁሉ፣ ያተረፈ ድርጅትም ለሥልጠና የሚያውለው ገንዘብ አያጣም። ሁስሊድ ይህን ሥጋት አልዘነጉትም፤ በስሌት ለማረም ሞክረዋል። ነገር ግን አሠራሩ የተለካው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ የቀደመውን ከተከተለው ለይቶ ማሳየት አዳጋች ነው። ዴቪድ ጌስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት፣ 366 የብሪታንያ ድርጅቶችን በመረመረው ጥናት፣ በአሠራሩና በትርፉ መካከል ተዛምዶ ቢታይም፣ የቀደሙት ዓመታት ውጤት ከስሌቱ ሲገባ ጉልህነቱን አጥቷል።

ይህም ሥልጠና ከንቱ መሆኑን ሳይሆን ማስረጃው ገና ያልተሟላ መሆኑን ያመለክታል። ጉዳዩ የትምህርት ባለሙያንም ይመለከታል። የመምህራን የሥራ ላይ ሥልጠና ፋይዳ የሚለካው የሠለጠኑትንና ያልሠለጠኑትን ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት የፈተና ውጤት በማነጻጸር ብቻ ከሆነ፣ ቀድሞውኑ የተደራጀው ትምህርት ቤት ያገኘው ውጤት ለሥልጠናው ይቆጠራል፤ በችግረኛው ትምህርት ቤት የተሰጠው ሥልጠና ግን ፍሬ አልባ ተብሎ በጀቱ ይታጠፋል። ስለሆነም ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የነበረው ውጤት አስቀድሞ ሊመዘገብ ይገባል።